የእጅ ሥራ ክብር፤ ይልቁንም ስለ ኦቶሞቢል መካኒክነት

ወላጅ ሁሉ ለልጁ የሚመኘው መልካም ነገርን ነው። ነገር ግን ወላጅ መልካም ነው ብሎ የሚመኘውና ልጅ መልካም ነው ብሎ የሚመርጠው ሳይገጥም የቀረ እንደ ሆነ፥ በቤት ውስጥ የሚነሣው ክርክር በአደባባይ ከሚነሣው ክርክር ይልቅ ይከብዳል። በአደባባይ የተከራከረ ሰው ዳኛው ቢፈርድለትም ቢፈርድበትም ወደ ቤቱ ይገባል፤ በቤቱ የተከራከረ ሰው ግን የሚገባበት ሌላ ቤት የለውም። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ፥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ልጅ የኦቶሞቢል ጥገናን ሙያ ልያዝ ቢል ቤተ ሰቡ እንዴት አድርጎ ሊመለከተው እንደሚገባ፥ በራሳችን ቤተ ዘመድ ከደረሰው ነገር ጋራ አድርገን ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኅታችን ልጅ በ2016 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ተፈትኖ አለፈ። ይህ ፈተና በእነዚህ ዓመታት እጅግ የጠበበ በር እንደ ሆነ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ። ልጁ ከነዚያ ከጥቂቶቹ አንዱ ሆኖ ስለ ተገኘ እናቱ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ቡና አፈላች፤ ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆንላትም ተሳለች። ልጁ ግን በሦስተኛው ቀን ማታ፥ «እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የመኪና ጥገና ተምሬ መካኒክ መሆን ነው የምፈልገው» ብሎ ተናገረ።

እኅታችን በማግስቱ ወደ እኛ መጣች። «ወንድም ጋሼ፥ አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርሁት ከመኪና ሥር እንዲተኛ ነውን? ለእርስዎ እሺ ይላልና መክረው ይመልሱልኝ» አለችን። ይህንንም ስትናገር ዕንባዋ ይወርድ ነበር።

እኛም ወዲያው መልስ አልሰጠናትም። የእናት ፍርሃት ከንቱ አይደለምና አስቀድመን ምን ምን እንደምትፈራ ለይተን ልናውቅ ወደድን። ብንመረምረውም ፍርሃቷ አራት ሆኖ ተገኘ። አንደኛው የክብር ነገር ነው፤ ልጄ ይናቅብኛል ማለት ነው። ሁለተኛው የትምህርት ነገር ነው፤ የተማረው ሁሉ በከንቱ ይቀራል ማለት ነው። ሦስተኛው የእንጀራ ነገር፥ አራተኛው የአካል ነገር ነው። እነዚህን አራቱን እኛ እንደ መዘንናቸው አንባቢዎቻችንም ቢመዝኑልን ደስ ይለናል።

ክብርን የተመለከተ እንደ ሆነ፥ በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውን፥ ሸማ የሚሠራውን፥ ቆዳ የሚፍቀውን ሰው መናቅ የቆየ ክፉ ልማድ ነበር። ማረሻውንና ጦሩን ከእጁ እየተቀበሉ፥ እርሱን ግን ጠይብ ነው፥ ቡዳ ነው እያሉ ከማዕድ ያርቁት ነበር። ነገሥታቱ የዚህን ልማድ ጉዳት ከሕዝቡ አስቀድመው ተመልክተውታል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የእጅ ሥራ ዐዋቂዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠሩ። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ።

የሚያስደንቀው ደግሞ፥ በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሓውንና ተራራውን አቋርጦ የመጀመሪያዪቱን ኦቶሞቢል አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ማሳየቱ ነው። ስለዚህ ኦቶሞቢልና ያ ዐዋጅ በአገራችን እኩዮች ናቸው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ኦቶሞቢሏን ወዲያው ወደድናት፤ ዐዋጁን ግን በአደባባይ ተቀብለን በቤታችን ገና አልፈጸምነውም። ዛሬ ሠራተኛን ጠይብ ብሎ የሚሰድብ ሰው እምብዛም ባይሰማ፥ ሽማግሌ ለጋብቻ ተልኮ «ልጁ ምን ይሠራል?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ «መካኒክ ነው» የተባለ እንደ ሆነ ፊቱ የሚለወጥ ቤተ ሰብ ገና ብዙ ነው። የዚያው ቤተ ሰብ መኪና ከመንገድ ላይ የቆመች እንደ ሆነ ግን በሌሊት ስልክ ተደውሎ የሚለመነው ያው መካኒክ ነው።

ይህ ሥራ የተዋረደ ሰው ሥራ እንዳይደለ ለእኅታችን ለማስረዳት፥ የአንዲት እናት ታሪክ ነገርናት። ካርል ቤንዝ የተባለው ጀርመናዊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. በቤንዚን ሞተር የምትሄድ ባለ ሦስት እግር ሰረገላ ሠርቶ የፈጠራ መብት አወጣ። ሕዝቡ ግን እንደ መጫወቻ ስለ ቈጠራት የሚገዛት ጠፋ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1888 ሚስቱ ቤርታ ቤንዝ ባልዋን ሳታማክር ሁለት ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም ከተማ እናቷ ወዳለችበት ወደ ፎርትስሃይም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነዳች። በመንገድም የነዳጁ ቧንቧ በተደፈነ ጊዜ የባርኔጣዋን መርፌ አውጥታ ከፈተችው፤ ሽፋኑ የተበላውን የኤሌክትሪክ ገመድ በካልሲዋ ማሰሪያ ጠቀለለችው፤ ነዳጅ ባለቀባት ጊዜ ከመድኃኒት ቤት ገዛች፤ ፍሬኑ በሳሳ ጊዜም ከጫማ ሰፊ ቤት ገብታ ቆዳ አስለበጠችበት። እንግዲህ በዓለም ላይ መኪናን በመንገድ ዳር የጠገነ የመጀመሪያው ሰው አንዲት የቤት እመቤት ነበረች ብንል ብዙ አልሳትንም። የሰው ሁሉ ልብ ወደ ኦቶሞቢል ያዘነበለው ሠሪው በጻፈው ወረቀት ብቻ ሳይሆን ጠጋኟ በመርፌዋ ባሳየችው ሥራም ጭምር ነው። እኅታችንም ይህን በሰማች ጊዜ በዕንባዋ መካከል ሳቀች።

ትምህርቱ በከንቱ ይቀራል ስለሚለው ፍርሃት ብዙ መናገር ያስፈልጋል፤ ትልቁ ስሕተት በዚህ ላይ ነውና። ብዙ ሰው መካኒክነትን የጉልበት ሥራ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገር ግን የቤንዚን ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት እንመልከት። ፒስቶኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ሲወጣ ያንን ያምቀዋል፤ ከዚያ ካንዴላው ብልጭታ ሰጥቶ እሳት ሲነሣ በኀይል ወደ ታች ይገፋል፤ ተመልሶ ሲወጣ ደግሞ ጢሱን ያስወጣል። ይህን አራት ሥራ ለመፈጸም ሞተሩ ሁለት ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ በደቂቃ 3,000 ጊዜ በሚዞር ሞተር፥ በያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ በሴኮንድ 25 ጊዜ እሳት ይነሣል ማለት ነው። የናፍጣው ሞተር ደግሞ ካንዴላ የለውም፤ አየሩ እጅግ ከመታመቁ የተነሣ ስለሚግል ናፍጣው በግለቱ ይቀጣጠላል። ይህን ሥርዐት ሳያውቅ ቡሎን የሚፈታ ሰው፥ ፊደል ሳይለይ መጽሐፍ እንደሚገልጥ ሰው ነው።

የአገራችንም መልክዐ ምድር ለመካኒክ ልዩ ጥያቄ ያቀርብለታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ከሳሳ በሞተሩ ውስጥ የሚነደው ነገር ያንሳልና፥ ተርቦ የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ከኀይሉ ሩብ ያህሉን ያጣል። ውሃም በዚህ ከፍታ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተር በክዳን ታፍኖ የሚሠራውም ውሃው በግፊት ተይዞ ቶሎ እንዳይፈላ ነው። ስለዚህ የጋለ ራዲያተር ክዳኑን በድንገት የከፈቱት እንደ ሆነ የታፈነው ውሃ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትን ያቃጥላል። መኪና ያለው ቤተ ሰብ ሁሉ ይህን ለልጆቹ ሊነግራቸው ይገባል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሓ የወረደ ሰው ሌላም ነገር ያውቃል። መንገዱ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በዚያ ላይ ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተሩ ኀይል መያዝን ትቶ እግሩን ከፍሬን ላይ የማያነሣ ነጂ፥ ፍሬኑን ያግለዋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ በዕድሜ ብዛት ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ውሃ ያገባልና፥ በጋለ ጊዜ ውስጡ ይፈላል፤ የፈላውም አረፋ ስለሚታመቅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጥና መኪናው አልያዝ ይላል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ዘይቱን በጊዜው ይለውጣል፤ የማያውቀው ግን ጎድሎ ባየ ጊዜ እላዩ ላይ እየጨመረ ይልከዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የስድሳ ሰው ነፍስ ነው። እንግዲህ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን የተማረ ልጅ ትምህርቱ በዚህ ሥራ በከንቱ አይቀርም፤ ይልቁንም የሰው ሕይወት ይጠብቅበታል።

ይህን በራሳችንም ላይ አይተነዋል። ከጥቂት ዓመት በፊት የእኛ መኪና ሞተሯ ሲግል አልነሣም ትል ጀመር። ወደ አንድ ጋራዥ ብንወስዳት የነዳጁን ፓምፕ ለወጡልን፤ አልዳነችም። ካንዴላዎቹን ለወጡ፤ አልዳነችም። ሞተሪኖውንም ለወጡ፤ ለጥቂት ቀን ተሽሏት እንደ ገና እንደ ቀድሞዋ ሆነች። በየጊዜው ሙሉ ዋጋ ከፈልን። በኋላ አንድ ወጣት መካኒክ፥ የተግባረ እድ ትምህርት የተማረ፥ ምንም ሳይፈታ መለኪያውን አውጥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ከመረመረ በኋላ፥ ከባትሪው ወደ መኪናዋ አካል የሚሄደው ገመድ ጫፉ ዝጎ እንደ ነበረ አሳየን። ፍቆ አጠበቀው፤ እስከ ዛሬም ያው ነው። የፊተኞቹ ሠራተኞች ትጋት አላነሳቸውም፤ ያነሳቸው ከመፍታት በፊት መመርመር ነበር። ሐኪም በሽታውን ሳይለይ መድኃኒት እየለዋወጠ ቢሰጥ እንደምንቈጣው ሁሉ፥ በመካኒክም ዘንድ ምርመራን መጠየቅ ይገባናል።

ይሁን እንጂ ያልተማሩትን ልንወቅሳቸው አይገባም። ይህ ሙያ በአገራችን ለብዙ ዘመን ከእጅ ወደ እጅ፥ ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ የኖረ ነው። የጋራዡ ቋንቋ ራሱ ምስክር ነው። ፍሬን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ካንዴላ፥ ኩሽኔታ፥ ቴስታታ፥ ካቻቪቴ፥ ፒንሳ የምንላቸው ስሞች ሁሉ የኢጣልያ ቃላት ናቸው። ጠላት ወጥቶ ቃላቱ ቀሩ፤ ሙያውንም ረዳት ሆነው መሣሪያ እያቀበሉ በዐይናቸው የቀሰሙ ሰዎች ጠብቀው ለእኛ አደረሱት። እነዚህ ሰዎች መጽሐፍ ሳያዩ ሞተር በድምፁ ብቻ የሚያውቁ ናቸውና ሊከበሩ ይገባቸዋል። የጎደላቸው ነገር ቢኖር እንዴት የሚለውን ሲማሩ ለምን የሚለውን የሚነግራቸው ማጣታቸው ነው።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው ትምህርት ቤቶቹ የተከፈቱት። የአዲስ አበባ ተግባረ እድ ትምህርት ቤት አገሪቱ ነጻ በወጣች ማግስት በ1934 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክም በ1955 ዓ.ም. ተከተለ። በ1938 ዓ.ም. ለከፍተኛ ትምህርት የሚዘጋጁ ልጆች ይማሩበት ዘንድ የተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም ዛሬ የሙያ ትምህርት የሚሰጥበት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል። በነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ሥልጠና በደረጃ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ተማሪው ከክፍል ይልቅ በተግባር ላይ ብዙ ጊዜ ያሳልፋል፤ በፍጻሜውም በሙያ ብቃት ምዘና ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። ክፉው ነገር ግን፥ ሰው ሁሉ ይህን ትምህርት ፈተና የወደቁ ልጆች መጠለያ አድርጎ መመልከቱ ነው። ልጅን «ሰነፍ ነህና ሂድ ቴክኒክ ተማር» ብሎ መስደድ፥ ሙያውንም ልጁንም በአንድ ቃል ማዋረድ ነው። እንደዚህ ተሰድዶ የገባ ልጅ ሙያውን እንደ ቅጣት ስለሚቈጥረው አይወደውም፤ የማይወደውን ሥራ ደግሞ አሳምሮ የሚሠራ ጥቂት ነው።

እንጀራን የተመለከተው ፍርሃት ግን እውነት ያለበት ነው። ጀማሪ መካኒክ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚያገኘው ደመወዝ ትንሽ ነው፤ የራሱን መሣሪያ ለመግዛትም ገንዘብ ያስፈልገዋል። የራሱን ጋራዥ ለመክፈት የሚያስብ ከሆነ ቦታና መንቀሳቀሻ ገንዘብ፥ ከሁሉም በላይ የደንበኛ እምነት ይፈልጋል፤ ይህም በብዙ ዓመት የሚከማች ሀብት ነው። በሌላ ወገን ግን በአገራችን መኪና ውድ ስለ ሆነ ሰው እስኪያረጅ ድረስ እያስጠገነ ይነዳዋልንጂ አይጥለውም። ስለዚህ ዐዋቂ መካኒክ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አላየንም፤ ዲግሪ ይዞ ሥራ ያጣ ወጣት ግን በየቤታችን አለ።

ደግሞ ዘመኑ እየተለወጠ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም በከተማችን መንገድ በዝተው ይታያሉ። እኅታችንም ይህን ሰምታ ስለ ነበር፥ «ታዲያ ሞተሩ ከቀረ መካኒኩ ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀችን። መልካም ጥያቄ ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለም፤ የሞተር ዘይት አይለወጥም። ነገር ግን ፍሬን፥ መሪ፥ ኩሽኔታ፥ ጎማ፥ ማቀዝቀዣ በዚያም አሉ። ባትሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ኀይል ይይዛል፤ የቤታችን መብራት 220 መሆኑን ማሰብ ነው። ይህ ኀይል የሚሄድባቸው ገመዶች ሠራተኛው እንዲጠነቀቅ ብርቱካናማ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ሠራተኛውም ከመንካቱ በፊት ኀይሉን ከምንጩ ለይቶ፥ የቀረው እስኪጠፋ ጥቂት ቆይቶ፥ በመለኪያ አረጋግጦ፥ የጎማ ጓንት አድርጎ ነው። እንግዲህ በዐይን ብቻ አይቶ የተማረ ረዳት በዚህ ሥራ ላይ ቢገባ በአንድ ስሕተት ይሞታል። ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ፥ ኤሌክትሪክን በትምህርት ዐውቆ፥ የጥገና መጽሐፉን አንብቦ የሚገባ ልጅ ይፈለጋል። የልጁ ማለፍ ለዚህ ሥራ ትርፍ ሳይሆን ስንቅ ነው።

ስለ አካል ያለውንም ፍርሃት እናቃልለው ዘንድ አይገባም። ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው በክሪክ ብቻ ታምኖ መግባት የለበትም፤ ክሪክ ለማንሣት ነው እንጂ ለመሸከም አይደለምና ከሥሩ ጽኑ ድጋፍ ሊደረግ ይገባል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አስነሥቶ መሥራት ሽታ በሌለው መርዘኛ አየር ሰውን ሳያስነቃ ይገድላል። የባትሪ አሲድ ዐይን ያጠፋል፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣውም አየር በብልጭታ ይፈነዳል። እናት ልጇን ወደዚህ ሥራ ስትልክ፥ ጋራዡ ይህን የሚጠብቅ መሆኑን ገብታ በዐይኗ ልታይ መብቷ ነው፤ አሠሪውም ሊቈጣ አይገባውም።

አራቱን በዚህ አኳኋን ከመዘንን በኋላ፥ እናትንና ልጅን በአንድነት አስቀምጠን አንድ ነገር አሳሰብናቸው። ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪዎችን እስኪጠሩ ድረስ ያለውን ጊዜ ልጁ በአንድ ጋራዥ ያለ ደመወዝ እንዲሠራ፤ በዚያም ጊዜ ጠዋት ሳይቀር፥ ማጠብና መጥረግን ሳይንቅ የቆየ እንደ ሆነ ምርጫው እንዲጸናለት፤ የሰለቸው እንደ ሆነ ግን ሳያኰርፍ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ ተስማሙ። ልጁን ለብቻው ባነጋገርነውም ጊዜ፥ «ጋሼ፥ መኪና መንዳት አይደለም የምወደው፤ የማይሰማው ነገር ለምን እንደማይሰማ ማግኘት ነው የምወደው» አለን። ይህ ቃል የልጅ ቃል አልመሰለንም።

ስድስት ሳምንት ሠራ። በመጀመሪያው ሳምንት የሰጡት ሥራ የዘይት ዕቃ ማጠብና ወለል መጥረግ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጣቱ ተፈነከተ፤ እናቱም ሥራውን ይተዋል ብላ ተስፋ አደረገች፤ እርሱ ግን አስሮ ተመለሰ። ማታ ማታ ወደ ገበታ ሲቀርብ በጥፍሩ ሥር የቀረው ጥቁር ቅባት አልለቅ እያለ እናቱን ያሳዝናት ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ግን ዋናው መካኒክ ለብዙ ቀን ያስቸገረውን የአንድ ታክሲ ፍሪሲዮን ልጁ መጽሐፉን አንብቦ ምክንያቱን እንዳገኘለት፥ ለእናቱ ራሱ በስልክ ነገራት። ከዚያ በኋላ በቤታችን ስለ ዩኒቨርሲቲ የተናገረ የለም። ልጁ ዛሬ በአንድ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ይማራል፤ ወደ ፊት ምሕንድስናን ቢሻ መንገዱ አልተዘጋበትም። እኅታችን ግን እስከ ዛሬ ሰው የጠየቃት እንደ ሆነ «ልጄ ቴክኖሎጂ ያጠናል» ትላለች እንጂ «መካኒክ ነው» አትልም። እኛም አላስገደድናትም፤ የብዙ ዘመን ልማድ በአንድ ዓመት አይወጣምና።

ለልጁ የሰጠነው ምክር አንድ ነው፤ ይኸውም ታማኝነት ነው። መካኒክ በኮፈኖው ሥር የሚያየውን ባለ መኪናው አያይም፤ ስለዚህ የሚፈተነው ማንም በማያየው ቦታ ነው። ያልተበላሸውን ተበላሸ ብሎ መለወጥ፥ ከሶማሌ ተራ የተገዛውን አሮጌ ዕቃ በአዲስ ዋጋ ማስከፈል የሚያስገኘው ትርፍ ከአንድ ቀን አያልፍም። የለወጠውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ እያሳየ የሚመልስ፥ ያላወቀውንም «አላወቅሁትም» የሚል መካኒክ ግን ደንበኛው ልጁንና የልጅ ልጁን ይዞ ይመጣለታል።

ለአንባቢዎቻችንም የምናሳስበው ይህ ነው። ልጃችሁ ወንድም ይሁን ሴት የዚህን ሙያ ፍቅር ያሳየ እንደ ሆነ፥ ከመቈጣታችሁ በፊት ፈትኑት፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ ግን አትልቀቁት። ሴት ልጅ ከሆነችም የቤርታ ቤንዝን ታሪክ ንገሯት። በመሥሪያ ቤት ሹመት ላይ ያላችሁም፥ በእጃችሁ የመንግሥት መኪናና ጋራዥ ሞልቷል፤ የሙያ ተማሪዎች ለተግባር ልምምድ ቦታ እየለመኑ በየበሩ ሲመለሱ ይታያሉ። በየዓመቱ ሁለት ሦስት ተማሪ ተቀብላችሁ ከዐዋቂ ሠራተኛ ጋራ ብታውሏቸው፥ ለመሥሪያ ቤቱ ወጪው ትንሽ ነው፤ ከነዚያ ልጆች አንዱ ምናልባት ነገ በዓባይ በረሓ ቁልቁለት የእናንተን ቤተ ሰብ የያዘውን አውቶቡስ ፍሬን የሚመረምረው እርሱ ይሆናል።